ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሸማ፦ የሸማኔው ስም ይጻፍ ወይስ ይቅር?

መነሻ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

የምሠራው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጨርቅ ነው። ንድፉን አወጣለሁ፣ ክሩን ቀለም እነክራለሁ፣ ተሸምኖ ሲመለስ ደግሞ በመርፌ እጠልፍበታለሁ። ሽመናው ግን የኔ አይደለም። ድሩን አድርቶ የሚሸምነው ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ነው። ማጉን የሚፈትሉልን ጉለሌ የሚኖሩ እናት ናቸው። ድሮ ቀጭን ፈታይ ሲባል የሚሰማው ሙገሳ ለእሳቸው ይገባል። እንደ ልማዱ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች፣ እኛም በዚያው መንገድ ነው የምንሠራው።

በቅርቡ አንድ ጋለሪ ሥራዎቼን ለማሳየት ተስማማ። መግለጫ ካርዱ ላይ የሦስታችንንም ስም ጻፍኩ። ጋለሪው የሁለቱን ስም እንዳወጣ ጠየቀኝ። ገዢ የሚፈልገው የአንድ አርቲስት ስም ነው፣ ብዙ ስም ካየ የዕደ ጥበብ ዕቃ ይመስለዋል፣ ዋጋውም ይወርዳል ነው የሚሉት።

እኔ ይህን አልቀበልም። ጨርቁን ያለ ሸማኔው ማሰብ አይቻልም። ስሙ ካርዱ ላይ ሊኖር ይገባል። እናንተስ ሥራችሁን ስታሳዩ እንዴት ታደርጋላችሁ? በዚህ መንገድ ሄዶስ ከሥራው መኖር ይቻላል ወይ?

(መልሱ እየበዛ ስለሄደ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች በየቁጥሩ አሳጥሬ አስቀምጬዋለሁ። የራሴንም ሐሳብ በየቦታው ጣል አድርጌያለሁ።)

1። መጀመሪያ የመለሰችው ከሸማ ቦርሳና የትራስ ልብስ የምትሠራ ልጅ ናት። እንኳን ደስ ያለሽ ብላ ጀመረች። ለእንቁጣጣሽና ለገና በኤግዚቢሽን ማዕከል ባዛር ትገባለች። ገዢው ሁለት ነገር ይጠይቃል አለች፦ መጀመሪያ ዋጋውን፣ ቀጥሎ የቻይና ይሁን አይሁን። እሷ ማን እንደሸመነው፣ የት ሰፈር እንደተሠራ ስትነግረው ክርክሩ ይረግባል። ስለዚህ ስም መጻፍ ለገበያም ይጠቅማል ባይ ናት። የታተመ ጥለት ያለው ርካሽ ጨርቅ መርካቶን በሞላበት ጊዜ የእጅ ሥራ ማስረጃው ሠሪው ነው አለች። ይሄን ነጥብ ብዙ ሰው በኋላ ጠቅሶታል።

2። ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ሠዓሊ በትህትና ተቃወመ። የነሐስ ሐውልት ሲሠራ ነሐሱን አቅልጦ የሚያፈሰው ሰው ስም አይጻፍም፣ ሥራው የሚቆጠረው ለሐሳቡ ባለቤት ነው አለ። የጋናውን አርቲስት ኤል አናትሱይን ጠቀሰ። በብዙ ረዳቶች እጅ ይሠራል፣ ዓለም የሚያውቀው ግን እሱን ነው። ጣሊያናዊው አሊጊዬሮ ቦኤቲ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትልልቅ የዓለም ካርታዎችን በአፍጋን ሴቶች አስጠልፏል፤ በየሙዚየሙ የሚነበበው የቦኤቲ ስም ነው። ጋለሪው ያለሽ የገበያውን ሕግ ነው ብሎ ጨረሰ።

3። ለዚህ ከኤድንብራ የምትጽፍ እህት መለሰች። የቦኤቲ ምሳሌ ለተቃራኒው ሐሳብ ይሠራል አለች። ዛሬ ካርታዎቹ ፊት የሚቆም ሰው እነዚያ ሴቶች እነማን ነበሩ ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ ግን የለም። እሷ ባለችበት ከተማ ዶቭኮት የሚባል የሽመና ስቱዲዮ አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። የሠዓሊን ሥዕል ወደ ጨርቅ ይለውጣሉ። የሠዓሊው ስም ይጻፋል፣ የሸማኔዎቹም ስም ይጻፋል። እንዲህ ሆኖም ሥራው በጋለሪ ዋጋ ይሸጣል። ሸማኔ ማለት የተሰጠውን የሚገለብጥ ማተሚያ አይደለም አለች። ክሩ ሲሳሳ የሚያጠብቀው፣ ቀለም ከቀለም ሲጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው።

እኔን የጠቀመኝ ይሄ መልስ ነው። ለጋለሪው የማሳየው ምሳሌ አገኘሁ።

4። ከሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ጻፈ። የጻፈው አጭር ነው፣ ግን ውይይቱን ሁሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። በሸመነባቸው ዓመታት ሁሉ ስሙን የጠየቀው ገዢ የለም። ነጋዴው ክር ያመጣል፣ ሲያልቅ በቁራጭ ይከፍላል፣ ይዞ ይሄዳል። ስም መጻፉ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ስም የቤት ኪራይ አይከፍልም አለ። ከዚያ በቀጥታ ለሸማኔሽ ስንት ትከፍያለሽ ብሎ ጠየቀኝ።

እውነት ነው፣ ይሄ ጥያቄ ከስም በፊት የሚመጣ ነው። በቁራጭ ሳይሆን በቀን ሒሳብ እንደምከፍል መለስኩለት። የኔ ንድፍ ፍጥነት አይወድም። በቁራጭ ብከፍል ሸማኔው መፍጠን አለበት፣ ከፈጠነ ደግሞ ጥለቱ ይዛባል። ቀብድ ድሩ ሳይደራ በፊት ይሰጣል። ሥራው ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራው የኔ እንጂ የእሱ አይደለም።

5። የሒሳብ ባለሙያ የሆነ ሰው ቀጠለ። በምሳሌ አሰላው። አንድ ሥራ በ20,000 ብር ቢሸጥና ጋለሪው 40 በመቶ ቢወስድ 12,000 ይቀራል። ሸማኔው 15 ቀን በቀን 500 ብር ቢታሰብለት 7,500 ሄደ። ፈትልና ቀለም 2,500 ቢፈጅ ለአርቲስቷ የሚቀራት 2,000 ብር ነው። ንድፍ ያወጣችበት፣ የጠለፈችበት ጊዜ፣ የቤት ኪራይዋ፣ ግብሯ ሁሉ ከዚያ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስም ሳይሆን ዋጋው ትክክል አይደለም የሚል መሆን ነበረበት አለ። ዋጋ የሚጀምረው ከታች ነው፤ መጀመሪያ የእጆቹ ሁሉ ክፍያ ይደመራል፣ ከዚያ የጋለሪው ድርሻ ይታከላል እንጂ ከላይ ሌሎች ስንት ይሸጣሉ ተብሎ አይወረድም።

ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ያዙት። ብዙዎቻችን የምንከስረው ሸማኔውን ከፍለን የራሳችንን ቀን ሳንቆጥር ስለምንቀር ነው።

6። ጋለሪ እንዳለው የተናገረ ሰው ትንሽ ቆጣ ብሎ ገባ። ሁሉም ሰው ኮሚሽኑን ያያል፣ ወጪውን የሚያይ የለም አለ። ኪራይ፣ መብራት፣ የመክፈቻ ቀን መስተንግዶ፣ ለዓመታት የተሰበሰበ የደንበኛ ዝርዝር አለ። ሥራው ተሰቅሎ ሳይሸጥ የሚወርድበት ጊዜም ብዙ ነው። በስሙ ጉዳይ ግን ለዘብ አለ። እሱ ራሱ የሸማኔ ስም ቢያስገባ የሚከፋው ገዢ ገጥሞት አያውቅም። ገዢው የሚከፋው ሥራው የማን ሐሳብ እንደሆነ ሲምታታበት ነው። ስለዚህ ስሞቹ ይኑሩ፣ ግን ማን ምን እንደሠራ ለይቶ የሚናገር ይሁን አለ። ተገቢ ምክር ነው።

7። ለ2ኛው ሠዓሊ የተጻፈ ሌላ መልስ ነበር። ክር በጋለሪ ሲታይ ዕደ ጥበብ ይመስላል የሚለው ፍርሃት በኛ ሀገር ከተሻረ ቆይቷል አለች ጸሐፊዋ። አርቲስቱ ኤልያስ ስሜ በኮምፒውተር ቁርጥራጭ ሽቦዎቹ ዓለም ሳያውቀው በፊት ክርና ቁልፍ በጨርቅ ላይ እየሰፋ ትልልቅ ሥራዎች ይሠራ ነበር። ማንም ጥልፍ ነው ብሎ አልናቀውም። ሠዓሊው በዚህ ተስማማ፤ በስሙ ላይ ግን አቋሙን አልለወጠም።

8። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ነገሩን ወደ ኋላ ወሰዱት። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አውጥተው ሠራተኛን በሥራው መስደብ መከልከላቸውን አስታወሱን። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ እየተባለ ይሰደብ ነበርና ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ ስድቡ ከአፍ ቢጠፋም ከልብ አልጠፋም ይላሉ። የሠርግ ቀሚስ ስናደንቅ የምናነሳው የባለሱቁን ስም ነው። ሸማኔውን አናውቀውም፣ ለማወቅም አንጠይቅም። ስሙ ይጻፍ የምትለው ልጅ የጀመረችው ትልቅ ነገር ነው ብለው መረቁኝ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

9። የታሪክ ተማሪ የሆነ ልጅ የጎንደሩን መጋረጃ አነሳ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የተሸመነ የሐር መጋረጃ ነው። አንዱ ክፍል ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ቶሮንቶ በሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ነው። የተሠራው ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ገበታዎች ክሩን እያዞሩ በመሸመን ነው፤ በዚያ መንገድ እንዲህ ያለ ግዙፍ ሥራ መሥራት እጅግ አድካሚ ነው። ነገሥታትና አጃቢዎች የሚመስሉ ሰዎች ተሸምነውበታል። የሸመኑት ግን እነማን እንደሆኑ አልተጻፈም። አንድ መስመር ስም ቢኖር ዛሬ ስንት ነገር እናውቅ ነበር ብሎ አዘነ።

10። ለዚህ ጠንከር ያለ መልስ መጣ። በኛ ባህል ስምን መደበቅ ትሕትና ነው ይላል ጸሐፊው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠሩ አባቶች አብዛኞቹ ስማቸውን አልጻፉም፣ ዋጋቸውን ከላይ ነው የጠበቁት። ስም ካልተለጠፈ ማለት ከውጭ የመጣ አባዜ ነው አለ።

11። አንዲት እህት ሳትውል ሳታድር መለሰችለት። በዚያው ሥዕል ግርጌ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከነመልኩ ተሥሎ ስሙም ተጽፎ ይገኛል አለች። ገንዘብ የከፈለው ስሙ ከተጻፈ፣ ትሕትናው ለምን ለሠሪው ብቻ ሆነ? 10ኛው ጸሐፊ አስተያየቱን አለሳልሶ ተመለሰ፤ የሚጽፍና የማይጽፍ የራሱ ምርጫ ይሁን አለ። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ከሁሉም የሚያስማማ ይመስለኛል፣ ከታች በ20 ላይ ተመልሶ ይመጣል።

12። ከእስራኤል የጻፈች እህት መነሻዬ ላይ ያለውን ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች የሚለውን አረመችው። ልማዱ እንዲያ ቢሆንም ዛሬ ሠልጥነው የሚሸምኑ ሴቶች አሉ፣ አትዝጊባቸው አለችኝ። ትክክል ናት። ከዚያ የቤተሰቧን ታሪክ ነገረችን። አያቷ ጎንደር አካባቢ ሸማኔ ነበሩ። የቤተ እስራኤል ወንዶች ብዙዎቹ የሚታወቁት በሽመናና በብረት ሥራ ነበር፤ ያንን ሥራቸውን ይዞ ነው ጎረቤቱ ቡዳ ይላቸው የነበረው። ሸማውን ግን ይለብሰው ነበር። እናቷ አሁን እስራኤል ውስጥ ጥልፍ ትጠልፋለች። ሱቅ ላይ የኢትዮጵያ ጥልፍ የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል፣ የእናቷ ስም የለበትም። የ8ኛውን አባት ጽሑፍ አንብባ ማልቀሷን ጽፋለች።

13። ከሜሪላንድ ሸማ አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ ማንም ያላነሳውን አነሳ። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ የሚያወጣው የዕቃዎች ዝርዝር አለ። የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ ከዝርዝሩ ውስጥ ነው። ትልልቅ ገዢዎች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ማን ሸመነው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ የት ተቀምጦ ሠራ ብለው ይጠይቁታል። ስም ያለው ካርድ ለእሱ የገበያ መግቢያ ወረቀቱ ሆኗል።

14። የጋሞ ተወላጅ የሆነ ሰው በጣም ተቆጣ። አንድ ዝርዝር ወጣ ተብሎ የአንድ ሕዝብ ሙያ ሁሉ ወንጀል ይምሰል ወይ አለ። ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ሙያ መማሩና ተሸጦ መሥራቱ አንድ አይደለም። ዶርዜና ጨንቻ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደው እንዲሁ ነው። ነጋዴውን ለማያውቀው ነገር አፉን እንዳይከፍት አስጠነቀቀው። ቃሉ ከረር ብሎ ነበርና የመድረኩ ኃላፊ አንዱን ዐረፍተ ነገር አጥፍቶታል።

15። ከዚያ ሁላችንንም ዝም ያሰኘ መልስ መጣ። ጸሐፊው ልጅ ሳለ ከጨንቻ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ነው። ትምህርት ቤት ትገባለህ ተብሎ ነበር። የገባው ግን ጉድጓድ መሸመኛ ውስጥ ነው። ቀን ሲሸምን ይውላል፣ ማታም በመብራት ይሠራ ነበር። ለቤተሰቡ ይላካል የተባለው ገንዘብ ደርሶ አያውቅም። የ14ኛውን ቁጣ ይረዳዋል፣ የእሱም አባት ሸማኔ ነው። ሁለቱም ነገር አለ፣ ዝም ካልን ግን የሚጠቀመው ልጆቹን ያመጣው ሰው ነው አለ። አሁን የራሱ የሽመና ዕቃ አለው፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲሠራለት አይቀበልም። ሕጉም፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ያንን ዕድሜ ነው ዝቅተኛ ያደረገው።

14ኛው ጸሐፊ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀው። ሁለቱ የአንድ አካባቢ ልጆች ሆነው ተገኙ፣ በጋሞኛ ሰላምታ ተለዋወጡ። ሸማ ገዝቶ የሚሸጥ፣ ሸማ ላይ የሚጠልፍ፣ ሸማ የሚያሳይ ሁሉ 15ን ማንበብ አለበት እላለሁ። ሥራዬ የሚሸመንበትን ቤት ሄጄ ሳላይ ሥራ አልሰጥም፤ ሌሎቻችሁም እንዲሁ እንድታደርጉ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

16። አንዲት ዲዛይነር ሌላ ሥጋት አመጣች። ንድፏን ቴሌግራም ላይ ለጠፈች፣ ብዙም ሳይቆይ ሸማ ተራ ላይ ተመሳሳዩን አየችው። ዋጋው ከእሷ በግማሽ ያነሰ ነው። ምን መብት አለኝ ብላ ጠየቀች።

17። የሕግ ሰው የሆነ አባል በደንብ አስረዳት። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የቅጅ መብት ነው፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወጥ ሥራ በዚህ ይጠበቃል። ሌላው የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ምዝገባ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987፤ ለሻርፕ፣ ለቦርሳ፣ በብዛት ለሚመረት ነገር ይሆናል። ምዝገባው 5 ዓመት ይቆያል፣ ሁለት ጊዜ ለ5 ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ንድፉ አዲስ መሆን አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ አስመዝግቢ፣ ከዚያ ለጥፊ አላት። ሌላም ነገር አከለ፦ አያቶች ሲሸምኑት የኖሩትን ጥለት የኔ ነው ብሎ ማስመዝገብ አይቻልም፣ አይገባምም።

18። ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ቀለም ሄደ። አንዱ እርድ ተጠቀሙ፣ ርካሽ ነው፣ ያምራል አለ። ቀለም ነካሪ የሆነች ሴት ወዲያው አረመችው። እርድ ብርሃን አይችልም፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ይገረጣል። የሽንኩርት ልጣጭ በአሉም (ቀለምን ክር ላይ በሚያስይዝ ጨው) ተደርጎ የተሻለ ይቆያል፤ እሱንም ቢሆን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት አትስቀሉት አለች። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 በላይ ሲገባ፣ ከውጭ የሚመጣው ቀለም ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ብዙ ሰው ወደ ዕፅዋት ቀለም የዞረው በዚህ ነው።

ሌላ ሰው ሐር ከየት ታገኛላችሁ ብሎ ጠየቀ። ሐር ትል የሚበላው የእንጆሪ ዓይነት ቅጠል ብቻ ይመስለው ነበር። ኤሪ የሚባለው ትል የጉሎ ቅጠል ይበላል፣ ጉሎ ደግሞ በየአጥሩ አለ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ የተቋቋመው ሳባሃር የተባለ ድርጅት ይህንን ሐር በእጅ አስፈትሎ በመሸመን ይታወቃል። ከዚያ ጋቢ በምን ይታጠባል የሚል ጥያቄ መጣ፣ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ሰጠ፣ አንዷ የአማቷን ጋቢ በበረኪና ስላበላሸችው ሰው ጻፈች። ይሄን አልፈዋለሁ።

19። ወደ ጉዳዩ የመለሰችን አንዲት ልምድ ያላት ዲዛይነር ናት። ስሙን ጻፉ ስትሉ መዘዙንም አስቡ አለች። እሷ የሸማኔዋን ስምና ስልክ ካርድ ላይ አወጣች። ሌሎች ዲዛይነሮች ደወሉለት፣ የተሻለ ክፍያ ሰጡት፣ ሄደ። ያስተማረችው ንድፍ አብሮት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስም አትጽፍም።

20። እዚህ ላይ መድረኩ ጋለ። 4 ላይ የጻፈው ሸማኔ ተመልሶ መጣ። ሰው የተሻለ ካገኘ ቢሄድ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ አለ። የእሷ ንብረት አይደለም፤ ስሙ የተደበቀው እንዳይሄድ ከሆነ፣ ያ ጥበቃ ሳይሆን እስር ነው። እሷም መለሰች፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ በሌለበት ወር ሁሉ ከኪሷ ከፍላዋለች፣ ያንን ማን ይቆጥርላታል? ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ከሸማኔው ጋር ነኝ። ሰውን ይዞ የሚያቆየው ክፍያና አክብሮት ነው። ንድፍን የሚጠብቀው ደግሞ 17 ላይ የተባለው ምዝገባና በጽሑፍ የተያዘ ውል ነው። ስልክ ቁጥር ካርድ ላይ ማውጣት ግን አያስፈልግም፣ የሚፈልግ በጋለሪው በኩል ይጠይቅ።

ከዚያው ጋር ሌላ ሸማኔ የሚጠቅም ነገር ጨመረ። እሱ ስሙ እንዲወጣ አይፈልግም። አብዛኛውን ሥራ የሚሰጠው ነጋዴ ለሌላ ሰው መሥራቱን ካወቀ ሥራ ይከለክለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁን አለ። ማን ሊከራከረው ይችላል? የራሱን ኑሮ የሚያውቀው እሱ ነው። የኔው ሸማኔና ፈታይዋ እናት ፈቅደው ነው ስማቸው የተጻፈው። ያልፈቀደ ካለ ሽሮ ሜዳ የተሸመነ ብሎ ሰፈሩን መጻፍ ይበቃል።

21። ዱባይ የምትኖር አባል ወደ ውጭ ስለመሸጥ ጠየቀች። ነጋዴው ከሜሪላንድ መለሰላት። በውጭ የመስመር ላይ ገበያ ከኢትዮጵያ ሆኖ ክፍያ መቀበል ከባድ ስለሆነ ብዙዎች በዘመድ በኩል ነው የሚሸጡት። ያ ዘመድ ሲጣላ ሱቁም አብሮ ይዘጋል፤ ስለዚህ ከዘመድም ጋር ቢሆን ውል ይኑር አለ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ፈላጊ ግን ሞልቷል። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅቷን ስትጀምር በኢትዮጵያ ሸማኔዎች የተሠራ ልብስ ነበር ይዛ የወጣችው፣ ገዢም አላጣችም።

22። በዚህ መሀል ጋለሪውን አነጋግሬ ስለነበር ውጤቱን ጻፍኩ። የ3ኛዋን ምሳሌና የ6ኛውን ምክር ይዤ ነው የሄድኩት። ካርዱ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ ከላይ የሥራው ርዕስ፣ ቀጥሎ ንድፍ፣ ቀለምና ጥልፍ በሚለው ስር የኔ ስም፣ ሽመና በሚለው ስር የሸማኔው፣ ፈትል በሚለው ስር የእናታችን። ፊደሉ እኩል ነው። ዋጋውም አልወረደም። የ5ኛውን ሒሳብ ተከትዬ እንዲያውም ከፍ አድርጌዋለሁ። 2ኛው ሠዓሊ አሁንም እንደማይስማማ ገልጾ፣ ለመክፈቻው ግን እንደሚመጣ ጻፈ።

23። አርባ ምንጭ የምትማር ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋን የት ልታሳይ እንደምትችል ጠየቀች። ጋለሪ ካላገኘሽ አትጠብቂ ተባለች። አንዷ ካፌ አለቻት፣ አንዱ የውጭ ሀገር የባህል ተቋማት በየጊዜው የሚያዘጋጁትን ትርኢት ጠቆማት። እኔ የመከርኳት ጥቂት ሥራ ይዛ እንድትቀርብ ነው። አምስት የተጠናቀቀ ሥራ ከሃያ በጥድፊያ ከተሠራ ይበልጣል። ጠርዙ ተጣጥፎ የተሰፋ፣ መስቀያው የተዘጋጀ፣ ጀርባው ንጹሕ ይሁን። ሸማ የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። በሻርፕና በትራስ ልብስ የወር ወጪዋን ሸፍና ትልልቁን ሥራ ሳትቸኩል እንድትሠራም ነግሬያታለሁ፤ እኔም የምኖረው እንዲሁ ነው።

24። የመጨረሻው የ15ኛው ጸሐፊ ጥያቄ ነው። ሥራው ዛሬ በ20,000 ተሸጦ ነገ ገዢው በ100,000 ቢሸጠው ሸማኔው ምን ያገኛል አለ። የሕግ ሰውዬው ሥራው ከእጅ ከወጣ በኋላ ድርሻ መጠየቅ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ፣ ግን በመጀመሪያው የሽያጭ ውል ላይ ማስገባት እንደሚቻል መለሰ። ጋለሪ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም ገዢ ማግኘት ይከብዳል ባይ ነው። እኔ ከሸማኔውና ከፈታይዋ ጋር የተፈራረምኩት ውል አለ፤ የቀን ክፍያው፣ ቀብዱ፣ የስም አጻጻፉ ተዘርዝሯል። ይሄን የዳግም ሽያጭ ነገር ግን የለበትም። አንቀጹን እንዴት እንደምንጽፈው የሕግ ሰውዬው ሊረዳኝ ቃል ገብቷል። ሁለቱ ከተስማሙበት ስምና የብር መጠኑን አውጥቼ ውሉን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።